በሁለት እግሩ የቆመ ፈረስ

ዲዛይን ለምትማሩ ልጆቼ፣

ፒያሳ ባለው ቢሮዬ መስኮት ላይ በሽቦ የተሠራ ፈረስ ቆሟል። ቁመቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ሕንፃ ስነድፍ ኖሬያለሁ፤ ስለ ሚዛን መጀመሪያ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ ሜትር ሽቦ ሰጥተው ወደ አራዳ ሰደዱን። «የምኒልክን ሐውልት አይታችሁ ፈረሱን ሥሩልኝ፤ መቁረጥም ማጣበቅም አይፈቀድም» አሉ። ሐውልቱን ታውቁታላችሁ፤ በ1923 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በወረራው ዘመን ጣሊያን ነቅሎ ቀብሮት፣ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። የእኔው ግን ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጥሁት ቁጥር በአፍጢሙ ይደፋል። አንገቱን አሳጠርሁ፣ ጭንቅላቱን አሳነስሁ፤ ያው ነው። እኩለ ሌሊት ገደማ የኋላ ኮቴዎቹን ወደ ሆዱ ሥር ገፋ ሳደርጋቸው ደግሞ ወደ ኋላ ተንጋለለ። የተረፈችኝን ሽቦ ጅራት አድርጌ ጠረጴዛውን ሳስነካት ቀጥ ብሎ ቆመ።

ያን ጊዜ የእናቴ በርጩማ ትዝ አለችኝ። ሦስት እግር ስላላት ወጣ ገባ በሆነው የማድ ቤታችን ወለል ላይ ተንገዳግዳ አታውቅም። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1782 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ስለቆመው የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የታላቁ ጴጥሮስ ሐውልት ሳነብ ዘዴው ያው ሆኖ አገኘሁት፤ ፈረሱ የረገጠው እባብ የፈረሱን ጅራት ደግፎ ሦስተኛ እግር ሆኖለታል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት እጃችሁን አሠሩት። ስክሪን ላይ ምንም ነገር አይወድቅም፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ያጠፋችሁት ወዲያው ይታያል። ቁሳቁስ ውድ መሆን የለበትም። የጫማ ካርቶን፣ የጧፍ ሰም፣ ምናለሽ ተራ በጥቂት ብር የሚገኝ ቁርጥራጭ ሽቦ ይበቃል። በጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት ዮሴፍ አልበርስ ለተማሪዎቹ ወረቀት ብቻ እየሰጠ፣ ምንም ሳያባክኑ ቅርጽ እንዲያወጡለት ይጠይቅ ነበር። ለምን ወረቀት? ስስ ወረቀት ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙት ይታጠፋል፤ እንደ አኮርዲዮን ካጣጠፋችሁት ግን መጽሐፍ ይሸከማል። ጥንካሬ ከቅርጽ እንደሚመጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ኮላን ግን ተጠራጠሩ። ሚዛኑን ያልጠበቀውን ሥራ አጣብቆ ያቆምላችሁና ስሕተታችሁን ይደብቅባችኋል። ቢሮዬ ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ሞዴል ሲያሳዩኝ በመጀመሪያ የማየው መጋጠሚያውን ነው።

ባዶ ቦታንም ሥሩበት። የሽቦ ፈረሴ ሆድ አየር ነው፤ ሆኖም የሚያየው ሰው ሁሉ ሆዱን ያያል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ጥላው ግድግዳው ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ አንገቱ ትንሽ እንደረዘመ አሁንም ይታየኛል። እናንተም የሠራችሁትን ቶሎ አታፍርሱት፤ መስኮት ላይ አኑራችሁ ለአንድ ሳምንት ጥላውን ተመልከቱ።