ኖኪያን ማን ይገዛዋል? ጥያቄና መልስ

«ኖኪያ ሊሸጥ ነው» የሚለው ወሬ ሞቶ አያውቅም። ቴሌኮም ላይ ስለሠራሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እናንተም አላሳፈራችሁኝም። የአክሲዮን አማካሪ ግን አይደለሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ኖኪያ ያ የማይሰበረው ስልክ አይደል እንዴ? እስካሁን አለ?

ስልኩን በ2014 ለማይክሮሶፍት በ5.44 ቢሊዮን ዩሮ አስረክቦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስሙ የተለጠፈባቸውን ስልኮች ያወጣው ኤችኤምዲ የሚባል ሌላ ድርጅት ነው፣ ስሙን ተከራይቶ። የዛሬው ኖኪያ የሚኖረው ታወር ላይ በሚሰቀለው ሬዲዮ (የሞባይል ሞገድ አስተላላፊው)፣ በፋይበር፣ በራውተርና በፓተንት ማለትም በፈጠራ መብት ክፍያ ነው።

ታዲያ ምን ነካውና ነው ይሸጣል የሚባለው?

5ጂ ላይ፣ ማለትም በአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ተሰናከለ። ሲጀመር ለሬዲዮው የመረጠው ቺፕ እንደልብ የሚቀያየር ግን ውድ የሆነ ዓይነት ነበር፤ ተፎካካሪዎቹ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ርካሽ ቺፕ ይዘው ሲመጡ እሱ እያንዳንዱን ሬዲዮ በትንሽ ትርፍ ይሸጥ ነበር። በጥቅምት 2019 የትርፍ ክፍፍል አቆምኩ ሲል አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከ20 በመቶ በላይ ወረደ። በ2020 የአሜሪካው ኦፕሬተር ቬራይዘን የ6.6 ቢሊዮን ዶላር ሥራ ለሳምሰንግ ሰጠ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ሌላው የአሜሪካ ኦፕሬተር ኤቲ ኤንድ ቲ 14 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ከስዊድኑ ተፎካካሪ ከኤሪክሰን ጋር ገባ። በዚያው ሰሞን ኖኪያ እስከ 14 ሺህ ሠራተኛ እቀንሳለሁ ብሎ ነበር። ወሬውን ያጋለው ግን የያኔው የአሜሪካ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ዊሊያም ባር ነው፤ በ2020 መጀመሪያ «አሜሪካ ኖኪያን ወይም ኤሪክሰንን የምትቆጣጠርበትን ድርሻ ብትይዝስ?» የሚል ሐሳብ በአደባባይ ወረወረ።

ከረከሰ አንዱ ሀብታም ለምን ጠቅልሎ አይገዛውም?

መርከሱ ብቻውን ገዢ አያመጣም። ገዢው ማነው? የሚፈልገው የቱን ክፍል ነው? ማንስ ይፈቅድለታል? ኤሪክሰን ይግዛው እንዳንል ሁዋዌ በተከለከለባቸው አገሮች ገበያው ውስጥ የሚቀረው እሱና ሳምሰንግ ሊሆኑ ነው፣ ይህን የሚፈቅድ ተቆጣጣሪ የለም። ቻይና? እሱን ተዉት። በ2008 የቻይናው ሁዋዌ ከአሜሪካው የኢንቨስትመንት ድርጅት ከቤይን ካፒታል ጋር ሆኖ የአሜሪካውን የኔትወርክ ዕቃ አምራች ስሪኮም ሊገዛ ሲል፣ ለእሱ የታሰበው አነስተኛ ድርሻ ሆኖ እንኳ በደህንነት ስጋት ቀርቷል። አሜሪካዊ ከመጣ ደግሞ የኖኪያን አገር ፊንላንድን ማሳመን አለበት፤ መንግሥቷ ሶሊዲየም በሚባለው የራሱ የኢንቨስትመንት ድርጅት በኩል ባለድርሻ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ጠቅልሎ መግዛት ራሱ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ኖኪያ በ2015 የፈረንሳዩን ተፎካካሪ አልካቴል ሉሰንትን በ15.6 ቢሊዮን ዩሮ ሊገዛ ተስማማ። አልካቴል ሉሰንት ራሱ በ2006 ከሁለት ኩባንያ የተሰፋ ነበር። ከዚያ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሁለት ምርቶች በኖኪያ እጅ ቀሩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። በእኔ እምነት 5ጂ ላይ የዘገየው አንዱ በዚህ ነው፣ መሐንዲሱ አዲስ ነገር ከመሥራት ይልቅ የድሮውን ሲያዋህድ ከረመ።

ተቆራርጦስ ቢሸጥ?

እኔን የሚያሳምነኝ ይኼኛው ነው። በነሐሴ 2024 ሳምሰንግ የኖኪያን የሞባይል ኔትወርክ ክፍል ለመግዛት ከሚያዩት አንዱ ነው ተብሎ ተዘግቦ ነበር፣ ኖኪያ ግን ክፍሉን አጥብቄ ይዣለሁ አለ።

ኖርቴልን አስታውሱ። የካናዳው ግዙፍ የቴሌኮም ዕቃ አምራች በ2009 ኪሳራ አወጀ። ኤሪክሰን የሰሜን አሜሪካ ሽቦ አልባ ሥራውን በ1.13 ቢሊዮን ዶላር ወሰደ፣ አቫያና ሲዬና የተባሉ ኩባንያዎች ሌላ ሌላውን ተካፈሉ። በ2011 የቀሩት ፓተንቶች ሲሸጡ ግን አፕልና ማይክሮሶፍት ያሉበት ቡድን የከፈለው 4.5 ቢሊዮን ዶላር ነው! ኤሪክሰን ከወሰደው፣ ደንበኛና ሠራተኛ ካለው ሥራ ይልቅ ወረቀቱ አራት እጥፍ አወጣ። የኖኪያንም ዋጋ የምታሰሉ ሰዎች ከታወሩ በፊት ፓተንቱን ቁጠሩ።

አሜሪካ ነው የምኖረው፣ ትንሽ የኖኪያ አክሲዮን አለችኝ። ግዢ ከተባለ ይጨምራል አይደል?

ብዙ ጊዜ አዎ እህቴ፣ ግን የአሜሪካውን የኔትወርክ ዕቃ አምራች ጁኒፐርን እዪ። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ በጥር 2024 በአክሲዮን 40 ዶላር፣ በድምሩ 14 ቢሊዮን አቀረበ። ወሬው ከመውጣቱ በፊት ዋጋው 30 አካባቢ ነበር። ታዲያ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከሰሰ፣ ጉዳዩ በስምምነት አልቆ ግዢው የተዘጋው ሐምሌ 2025 ነው። ዓመት ተኩል! የቤት ኪራይሽን በዚያ ገንዘብ ልትከፍዪ አስበሽ ቢሆን ኖሮስ? ለወሬ ብለሽ ተጨማሪ አትግዢ።

ኤንቪዲያ ገዛው አልተባለም እንዴ?

የቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ አልገዛውም። በጥቅምት 2025 አንድ ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ 3 በመቶ የማይሞላ ድርሻ ሊይዝ ተስማማ። ቺፑ ሬዲዮው ውስጥ እንዲገባለት ነው የፈለገው። የኖኪያ አክሲዮንም በዚያው ቀን ከ20 በመቶ በላይ ዘለለ፣ ስለዚህ ጠቅልሎ ለሚመኘው ይበልጥ ተወደደበት።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የኖኪያ ዕቃ አለው። እኛ ታወር ላይ የምንሠራ ልጆችስ?

በማግስቱ ምንም አትሆኑም ወንድሜ። ውሉ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል፣ ክፍያውም እንደዚያው። ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ ሲጀምር ከኖኪያ ሌላ ሁዋዌንም ስለያዘ አንድ እጅ ላይ አልወደቀም። የሚያሰጋው በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ነው፣ «ይህን ሞዴል ማምረት አቁመናል» የሚለው። መጀመሪያ የሶፍትዌር ማሻሻያ ይቀራል፣ ከዚያ የተቃጠለ ካርድ መተኪያ ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ አሮጌውን አውርዶ አዲስ መስቀል ይመጣል። ለኮንትራክተር እንጀራ ነው። ለኦፕሬተሩ ወጪ ነው፣ ያውም በዶላር።

ኤሪክሰንስ ራሱ አይገዛም?

ከኖኪያም ይከብዳል። ሁለት ዓይነት አክሲዮን አለው፤ አንደኛው ሙሉ ድምፅ ሲኖረው ሌላው የድምፅ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ከባለሙሉ ድምፁ ብዙውን የያዙት የስዊድን ባለሀብቶች ናቸው፣ በተለይ የቫለንበርግ ቤተሰብ ኩባንያ የሆነው ኢንቬስተር። ከገበያ የፈለግከውን ያህል ብትለቅም እነሱ እምቢ ካሉ ቁጥጥሩን አታገኝም።