የአውቶቡሱን ገጽ ለምን ይቅርታ ጠየቅሽበት?

ከለንደን የላክሽልኝ ደብዳቤ ከነሥዕሎቹ ደርሶኛል። ኮሌጅ ገብተሽ የጀመርሽው የሁለት ዓመት የሥነ ጥበብ ዲፕሎማ በዚህ የትምህርት ዓመት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ኢለስትሬሽን፣ ማለትም ለመጽሐፍና ለመጽሔት የሚሆን ሥዕል፣ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አስተማሪሽ አስቀድመሽ የአንድ ዓመት ፋውንዴሽን፣ ማለትም ለዲግሪው የሚያዘጋጅ ትምህርት፣ እንድትማሪ ትመክርሻለች፤ አባትሽ ደግሞ ነርስነት ይሻልሻል ይላሉ። «ፖርትፎሊዮዬ (ለማመልከቻ የማቀርበው የሥራዎቼ ስብስብ) ይበቃል ወይ?» ብለሽ 14 ሥዕሎች አያይዘሽልኛል።

ሁሉንም ሁለት ጊዜ አየኋቸው። 11ዱ ከፎቶግራፍ የተቀዱ ናቸው። እጅሽ መሠልጠኑን አልክድም፤ የአንበሳው ጎፈር ጠጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ነገር ግን እነዚህን የሚያይ መምህር ስለ አንቺ የሚያውቀው ትዕግሥት እንዳለሽ ብቻ ነው። «ይቅርታ፣ ይህ በስህተት የገባ ነው» ያልሽበት የመጨረሻው ገጽ ግን ሌላ ነገር ነው። አምሽተው ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ፌስታሏን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች እንቅልፍ ጥሏታል፤ ራሷ ያረፈው በማታውቀው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ሰውየው እንዳይቀሰቅሳት ብሎ አንገቱን አድርቆ ተቀምጧል። ጫማውን ሦስት ጊዜ ሞክረሽ ሦስት ጊዜ ሰርዘሽዋል፤ ጠርዙ ላይም ቡና ተንጠባጥቦበታል። ተማሪ መራጭ ብሆን ኖሮ ለቃለ መጠይቅ የምጠራሽ በዚህ ገጽ ነበር። ያንን የደረቀ አንገት ያየሽው በራስሽ ዓይን ነውና።

ስለዚህ ከተቀዱት ውስጥ ሁለቱን ብቻ ያዢና ሌሎቹን አውጪ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከ10 እስከ 20 ገጽ ይጠይቃሉ፤ ቁጥሩን ከእያንዳንዱ መመሪያ አረጋግጪ። በወጡት ቦታ ከንድፍ ደብተርሽ የተወሰዱ ገጾች ይግቡ፣ ስርዝ ድልዙም አብሮ ይግባ። በተጨማሪ አንድ አጭር ታሪክ ምረጪና ከመጀመሪያው ጭረት እስከ መጨረሻው ሥዕል ያለፍሽበትን መንገድ አሳዪ፤ የጣልሻቸውን ሙከራዎች ጭምር። መምህራኑ በጣም የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ አንቺ ደግሞ አንድም አልላክሽም።

«የአገሬን ነገር ልጨምርበት?» ብለሻል። ጀበናና የባንዲራ ቀለም ለማስገባት ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ፤ እሱን ብዙ ሰው ይሠራዋል። ይልቅ የብራና ሥዕሎቻችን ታሪክን እንዴት እንደሚነግሩ አጥኚ። ክፉውን ሰው በጎን አዙረው አንድ ዓይን ብቻ ይስሉለታል፣ ደጉን ከፊት ለፊት በሁለት ዓይን። አንዱን ሰው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁለት ጊዜ አስገብተው በፊትና በኋላ የሆነውን የሚያሳዩበትም አለ። ይህ ንጹሕ የኢለስትሬሽን ጥበብ ነው። ብሪቲሽ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉትን ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ይዞ የተቀመጠው እዚያው አንቺ ባለሽበት ከተማ ነው። (እንዴት እዚያ እንደደረሱ ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ አንቺ ግን ከቅርብሽ ሳሉ ተማሪባቸው።)

ወደ ፋውንዴሽኑ ልምጣ። የሁለት ዓመቱን ዲፕሎማ የጨረሰ ተማሪ በቀጥታ ለዲግሪ ማመልከት ይችላል፤ ስለዚህ ግዴታ አይደለም። በአንቺ ጉዳይ ግን ከአስተማሪሽ ጋር እስማማለሁ። ምክንያቴም የልደት ቀንሽ ነው። በእንግሊዝ አገር ትምህርቱ በሚጀመርበት ዓመት ኦገስት 31 ቀን 19 ዓመት ላልሞላው የአገሩ ነዋሪ ተማሪ ፋውንዴሽን በነጻ ነው። አንቺ 18 የሚሞላሽ በዚህ ኖቬምበር ስለሆነ የሚመጣው ዓመት ያመቻል፤ «አንድ ዓመት ሠርቼ ልመለስ» ካልሽ ግን ዕድሉ ያመልጥሻል፣ ከዚያ በኋላ ክፍያ አለ። ቤትሽ እየኖርሽ፣ ኅትመቱንም አኒሜሽኑንም እየሞከርሽ ፖርትፎሊዮሽን ታበስያለሽ። የዲግሪውንም ማመልከቻ አትተዪው። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን በሚቀበለው በዩካስ በኩል እስከ አምስት ምርጫ ይፈቀዳል፤ የጊዜ ገደቡ በጃንዋሪ አጋማሽ ነው። ካምበርዌል፣ ኪንግስተን፣ ብራይተንና ፋልማውዝ ትምህርቱ አላቸው። ፋልማውዝ በባቡር ከአምስት ሰዓት በላይ ስለሚርቅ እናትሽን አስቀድመሽ አማክሪ።

አባትሽን በተመለከተ እውነቱን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው። ነርስነትም በብድር ነው የሚጠናው፤ ነገር ግን ለነርስ ተማሪ በዓመት 5,000 ፓውንድ የማይመለስ ድጎማ አለ፣ ለሥዕል ተማሪ የለም። ኢለስትሬተር በአብዛኛው ወር ጠብቆ ደመወዝ አይቀበልም፤ ሥራ በሥራ ነው የሚከፈለው፤ ብዙዎችም በተለይ መጀመሪያ ላይ ሌላ ሥራ ደርበው ይይዛሉ። በሌላ በኩል ሥዕሉን አንዴ ሸጦ አይገላገልም፤ የመጠቀም መብቱን እያከራየ ነው የሚኖረው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያለው የኢለስትሬተሮች ማኅበር ስለ ውልና ስለ ዋጋ አባላቱን ያማክራል። ዕዳውም አባትሽ እንደሚፈሩት ዓይነት አይደለም፤ የሚከፈለው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካለው ገቢ 9 በመቶ ነው። 28,000 ብታገኚ በወር 22 ፓውንድ ተኩል ገደማ ይሆናል። ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል። አባትሽ በስደተኝነት ፈቃድ አግኝተው እናንተን ስላመጧችሁ ብድሩ የሚፈቀድልሽ ይመስለኛል፤ የፈቃዱን ሰነድ ይዘሽ የኮሌጁን የተማሪዎች አማካሪ አነጋግሪ።

እስከ ዲሴምበር ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን ከኮሌጅ ስትመለሺ አውቶቡስ ላይ ሳዪ፤ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ወጥ የሚያወጡትን እናቶች እጅ። አሥር ገጽ ሲሞላ ላኪልኝ። ያንን የአውቶቡሱን ገጽ በመስኮት ብርሃን እንደገና ፎቶ አንሺው፤ ቡናውን ግን አታጥፊው።