ጅማ ኢኮሎጂ ማስተርስ ለምትጀምሪው እህቴ፦ ከማህተሙ በፊት የማሳውን ባለቤት

እህቴ፣ «ጅማ ለኢኮሎጂ ማስተርስ አልፌያለሁ፣ ቲሲሴን ጫካ ቡና ላይ ልሠራ አስቤያለሁ፣ አድቫይዘር ስመርጥ ምን ልይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አድቫይዘሩን ለጊዜው ተይው። ጥሩም ይድረስሽ መጥፎ፣ ጫካ ውስጥ አብሮሽ አይንበረከክም። እኔን አንድ ዓመት ያስከፈለኝ ሌላ ነው።

1. የወረዳውን የጥናት ፈቃድ ደብዳቤሽን በጊዜ አውጪ። እኔ የሄድኩበት ወረዳ ለአንድ ማህተም ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ቀጥሎ ማህተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል። በሦስተኛው የተገኘው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ዛፍ ለመቁጠር ነው ይሄ ሁሉ? ለዚህም ይከፈላል?» አለኝ። የመኪናውን ከኪሴ እያወጣሁ እንደሆነ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ማህተሙ እሱ ጋ ስለሆነ ዋጥኩት። ደብዳቤውን ሳገኝ ላሚኔት አስደርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ይታይሽ፣ ላሚኔት!

2. ስህተቴ የሚጀምረው ከዚሁ ኩራት ነው። ማህተም ስላለኝ ጫካውም የተፈቀደልኝ መሰለኝ። ከቀበሌ መንገድ መሪ ይዤ ገባሁ፤ የማሳዎቹን ባለቤቶች «አካም ጅርቱ» ብዬ አለፍኳቸው። በሐምሌ ዝናብ 30 ፕሎት (በካስማና በክር የተከለለ የመቁጠሪያ ቦታ) ዘረጋሁ፣ እያንዳንዱ 20 በ20 ሜትር፣ በውስጡ ለቡቃያ ቆጠራ አምስት አምስት ትንንሽ ካሬ። የዛፉን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለካሁ፤ ከሥር የበቀለውን ደግሞ ጭቃ ላይ ተንበርክኬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሐሳቤ ጥቅምት ላይ ተመልሼ ስንቱ እንደተረፈ ማየት ነበር።

ጥቅምት ስመለስ ጫካው እንደ ደጃፍ ተጠርጓል። ከ30ው ፕሎት 22ቱ ላይ አንድ ቡቃያ የለም። ገበሬው ከለቀማ በፊት የቡናውን ሥር ይመነጥራላ! ቡናው እንዳይሻማበት፣ መሬት የወደቀው ፍሬም እንዲታየው። ይህን እዚያ ሰፈር ያለ የአሥር ዓመት ልጅ ያውቃል፤ እኔ በኮርስ ኤ እየደረደርኩ አላውቅም። የአንዱ ማሳ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም፣ «ክርህን አልነካንም እኮ ልጄ» አሉኝ። እውነትም ክሬና ካስማዬ እንዳሉ ነበሩ። ዙሪያቸውን አስተካክለው ነው የመነጠሩት።

እዚያው ተቀመጥኩ። ቡና ተፈላ፣ ጨው ገባበት (አትጠይፊ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ትለምጂዋለሽ)። «አባቴ፣ ሲመነጥሩ የሚተዉት ምን ምን ነው?» አልኳቸው። ሰሳውንና ዋንዛውን ለጥላ ብለው ሲያገኙ ይተዋሉ፤ ሌላውን ይቆርጣሉ። ሐምሌ ላይ ይህን ጠይቄ ቢሆን አንድ ዓመት ባልከሰርኩ። ቲሲሴ የዳነው ግን በዚያ ጨዋታ ነው፤ ርዕሱን ገልብጬ በተመነጠረውና ባልተመነጠረው መካከል አወዳደርኩ፣ ዲፌንስ ላይ በብዛት የተጠየቅኩትም ስለ ሽማግሌው ምርጫ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤቱን፣ «መቼ ነው የምትመነጥሩት?» ብለሽ። ወረዳው ከዚያ በኋላ ይድረስ።

3. ዲፓርትመንት ውስጥ ሰው ያዢ። የከሰርኩ ጊዜ አፍሬ ሁለት ሳምንት ከሴሚናር ቀርቼ ነበር። በመጨረሻ ቆሜ ስናገር የሳቀብኝ አንድ የጄኔቲክስ ልጅ ብቻ ነው፤ «እኛ የአረቢካን 44 ክሮሞዞም ማንም አይመነጥርብንም» ብሎ። እሱው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜትር ሊይዝልኝ አብሮኝ ወጣ። እኔም በተራዬ ቦዬ ረግረግ ወፍ ለምትቆጥር ጓደኛችን ገና ሳይነጋ መዝጋቢ ሆኛለሁ። ደግሞ በለጠ ጫካ የሚሠራው ልጅ ባይነግረኝ ኖሮ ዋንዛና ዋዴሳ አንድ ዛፍ መሆናቸውን ሳላውቅ ሁለት ዝርያ አድርጌ ላስገባ ነበር። አንዱ ረዳቴ በአማርኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ ነበር የሚነግረኝ፤ እኔ እንደሰማሁ እጽፋለሁ። ብሳናንም «ባካኒሳ» ሲሉሽ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብለሽ እንዳትዘይ። ላብ ቴክኒሻኑን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ ተዋወቂ፤ ማድረቂያው የሱ ነው። በጅማ ክረምት ቅጠል በጋዜጣ ብቻ ተጭኖ ይደርቃል ብለሽ ከተውሽው በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ነው የምታገኚው። ያለ አበባና ያለ ፍሬ የተለቀመ ቅርንጫፍ ይዘሽ አራት ኪሎ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት) ድረስም አትድከሚ፤ እኔ ግማሹን ይዤ ተመልሻለሁ።

አድቫይዘርሽ ውጭ አገር ተባባሪ ካለውና «ናሙናውን ብቻ ላኪልን» ከተባልሽ፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ፈቃዱ ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው የሚወጣው። ይህንን በቃል እሺ አትበዪ።

ለፕሎትሽ ምልክት ቀይ ሪባን አትግዢ። የሰፈሩ ሴት ልጆች ጸጉራቸው ላይ አስረውት ነው የምታገኚው፤ እኔ የአንድ ፕሎት የአራቱም ማዕዘን ምልክት በዚያ ጠፍቶብኛል። ሲባጎ ይበቃል። ቦቲሽን ግን ከጅማ መርካቶ አንድ ቁጥር ጨምረሽ ግዢ፣ ወፍራም ካልሲ ይገባበታል።