የሮስኪልዴ ካቴድራል በግማሽ ቀን

ጥያቄ፦ ከኮፐንሃገን ሄደን የዴንማርክ ነገሥታት የተቀበሩበትን የሮስኪልዴን ካቴድራል በግማሽ ቀን ማየት እንችላለን? ምን እንዳያመልጠን?

መልስ፦ በደንብ ይበቃችኋል። ባቡሩ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከጣቢያው በእግር 10 ደቂቃ ያህል ነው። እሁድ ጠዋት ግን አትሂዱ፤ የአምልኮ ሰዓት ነው። በሌላ ቀንም ሠርግ ወይም ቀብር ካለ ለጎብኚ ስለሚዘጋ፣ የዕለቱን ፕሮግራም አይታችሁ ውጡ።

መጀመሪያ ከመንበሩ ጀርባ ወዳለው የንግሥት ቀዳማዊት ማርግሬቴ መቃብር ሂዱ። ከዚያ በንጉሥ ቀዳማዊ ክርስቲያን ጸሎት ቤት የነገሥታት ቁመት የተቀረጸበትን ዓምድ ፈልጉ። የንጉሥ ክርስቲያን ቁመት ምልክት 219 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ አጽሙ ሲለካ ግን 188 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል!

ከሁሉ በላይ የምንወደው የግድግዳውን ሰዓት ነው። ሰዓት ሊሞላ 5 ደቂቃ ሲቀረው ከሥሩ ቁሙ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ዘንዶውን ሲረግጠው ዘንዶው ሲጢጥ ብሎ ይጮኻል። ድምፁ አጭር ነውና ወሬ አቁማችሁ አዳምጡ።