«ዕዳውን እናሰርዛለን» ላለህ ዕጩ ምን ትለዋለህ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሥራዬ ሹፍርና። ምርጫው እየቀረበ ስለሆነ ተራ ስንጠብቅ ወሬያችን ሁሉ የመንግሥት ዕዳ ሆኗል። አንዱ «አገሪቱ ተሸጣለች» ይላል፣ ሌላው «ዕዳ የሌለበት አገር የለም፣ ዋናው ልማቱ ነው» ይላል። ሰሞኑን አንድ ዕጩ ሰፈራችን መጥቶ «ከተመረጥን ዕዳውን እናሰርዛለን» አለን። እውነት ይቻላል? ደግሞስ እኔ ምን አገባኝ? የተበደርኩት እኔ አይደለሁም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጣም ያገባሃል። ከሰፈርህ ልጀምርልህ። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከእናንተው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ተወስዶበታል። መንገዱ ይጠቅማል፣ በአሮጌው መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈህ ስታዘግም የነበረውን ጊዜ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ግን አንድ ነገር ልብ በል። መውጫው ላይ የምትከፍለው ብር ነው። ብድሩ የሚመለሰው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው።

ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል 57 ሚሊዮን ብር ይበቃ የነበረው ከ100 ሚሊዮን በላይ ፈለገ ማለት ነው። አንድ ሳንቲም ሳንበደር። የአንተን ቤት ደግሞ ተመልከተው። 20/80 ከሆነ የቤትህ ዕዳ በብር ነው። ኑሮ ሲወደድ በሌላው ሁሉ ብትቸገርም፣ ያ የድሮ ዕዳ ከዛሬው ብር አንጻር እየቀለለ ይሄዳል። የአገር የዶላር ዕዳ ግን ብር በረከሰ ቁጥር ይከብዳል። ስለዚህ ዕጩው «ይህን ያህል ቢሊዮን ዕዳ አለብን» ሲልህ መጀመሪያ «በምን ገንዘብ?» በለው።

«ተሸጣለች» የሚለውን አልቀበልም። «ዋናው ልማቱ ነው» የሚለውንም እንዲሁ በደፈናው አልቀበልም። በ2007 መንግሥት ዩሮቦንድ፣ ማለትም ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሚሸጥ የዕዳ ሰነድ፣ ሸጦ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፣ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ። ገንዘቡ ለስኳር ፋብሪካ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክና ለኤሌክትሪክ መስመር ይውላል ተባለ። ስኳሩ ተመርቶ ቢሸጥና ዶላር ቢያመጣ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። ነገሩ ዕቁብ ነው። ዕጣው ቶሎ የወጣለት በልቶታል፣ ክፍያው ግን ይቀጥላል። በአገር ደረጃ ደግሞ የበላው አንድ መንግሥት፣ የሚከፍለው ሌላ ይሆናል፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ማሰረዙ። ዕዳ ተሰርዞልን ያውቃል። በ1996 ኢትዮጵያ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች የተዘጋጀውን ሂደት ጨርሳ ብዙ ተቀንሶላታል። ግን ዓመታት የፈጀ ድርድር ነበር፣ ከነቅድመ ሁኔታው። የሚሰርዘው አበዳሪው ነው እንጂ ተበዳሪው አይደለም። በዚህኛው ዙርም መንግሥት በ2013 ቡድን 20 የሚባሉት የትልልቅ ኢኮኖሚ አገሮች ባዘጋጁት ማዕቀፍ በኩል የዕዳ ማሻሻያ ጠይቆ፣ ድርድሩ ከዓመት ወደ ዓመት ሲንከባለል አይተናል። የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ የሚመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው፣ የዩሮቦንዱ ባለቤቶች ደግሞ ለብቻቸው ነው የሚደራደሩት። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ማራዘም ነው። ከፉሪ ለቡ የሚነሳው የጅቡቲ ባቡር ብድር በ2010 መጨረሻ ላይ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል። እፎይታ ነው፣ ግን ከፋዮቹ ልጆቻችን ሆኑ። ስለዚህ «እናሰርዛለን» ያለህ ሰው ወይ አልገባውም ወይ እያታለለህ ነው።

ድምፅህ የት ጋ እንደሚገባ ልንገርህ። መንግሥት ከውጭ የሚፈርመው የብድር ስምምነት ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በአዋጅ ይጸድቃል። እጁን የሚያወጣው ወይም የማያወጣው አንተ የምትልከው ሰው ነው። በ1997ቱ ክርክር ሻይ ቤት ተጨናንቀን ፓርቲዎቹ ስለ መሬት ሲፋጠጡ እናይ ነበር፣ ያን ጊዜ ያልገባን ነገር እንኳ ቤት ገብተን ያነጋግረን ነበር። አሁንም እንደዚያ ዓይነት ክርክር ያስፈልገናል። ገዢው ፓርቲ ተመኑን መልቀቁን፣ የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን መሸጡን፣ የባንክ ሥራውን ለውጭ ባንኮች መክፈቱን መንገዴ ነው ይላል። «ይሄ ድሃውን ጎድቷል» የሚል ተቃዋሚም የራሱን መንገድ ከነዋጋው ያሳየን። መቃወም ብቻ ፖሊሲ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ሱቅ አለችኝ፣ ሽሮና በርበሬ እሸጣለሁ። የውጭ ዕዳው ገባኝ። መንግሥት ከራሱ ባንክ ሲበደር ግን ምን ችግር አለው? ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እናቴ፣ ጥሩ አድርገው ጠየቁ። ሁለት ዓይነት ነው። ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር አዲስ ገንዘብ ወደ ገበያ ይገባል፣ በርበሬው ግን አልጨመረም። ብዙ ብር ያንኑ በርበሬ ሲያሳድድ ዋጋው ይወጣል፣ የእርስዎ ደንበኛ ኪሎ ይገዛ የነበረው ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዓመታት የተቃጠልንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ከንግድ ባንክ ሲሆን ደግሞ ገንዘቡ የቆጣቢው ነው። የመንግሥት ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተበደሩት መመለስ አቅቷቸው፣ መንግሥት በ2017 ለባንኩ የ900 ቢሊዮን ብር ቦንድ ሰጠ። ባንኩን ማዳን ትክክል ነበር እላለሁ፣ የስንቱ ደመወዝና ቁጠባ እዚያ ነው። ግን ዕዳው ከድርጅቶቹ ወደ በጀቱ ዞረ። በጀቱን የሚሞላው ግብር ነው፣ የእርስዎ ሱቅ ግብርም እዚያው ውስጥ ነው። ኪሱ ሁለት ቢሆንም ሁለቱንም የምንሞላው እኛ ነን።

ዕጩ ሱቅዎ ድረስ ከመጣ «ጤና ጣቢያ እንሠራለን፣ መንገድ እናስገባለን» ብሎ ሳይጨርስ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣው ይጠይቁት፦ ከግብር፣ ከብድር ወይስ ሌላ ወጪ ቀንሶ? ብድር ካለ፣ ከማን? መልሱን ይጻፉልኝ፣ ፓርቲው የትኛውም ይሁን በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።