ከዘመኑ የቀደመው ሽጉጥ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ባለፈው ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ቁጭ ብለን «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ»ን አየን። አጎቴ ድሮ ወታደር ነበሩ። ቱኮ የተባለው ሽፍታ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ ሽጉጥ ገጣጥሞ ጥይት ሲያጎርስ አይተው «ይሄማ የዚያን ዘመን መሣሪያ አይደለም» አሉ። እኔ ደግሞ ኮልት ሽጉጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደነበረ አንብቤያለሁ። ማናችን ነን ልክ? ፊልም እስከሆነ ድረስስ ይሄ ምን ለውጥ አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ አጎትህ ግን ዋናውን ነገር አይተውታል።

ኮልት 1851 ኔቪ የሚባለው ሽጉጥ በጦርነቱ (ከ1861 እስከ 1865፣ የአሜሪካኑን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በሁለቱም ወገን እጅ ነበር። ችግሩ ሽጉጡ አይደለም፤ የሚጎርሰው ነገር ነው። ፊልሙ ላይ ባለ ቀለህ ጥይት (ባሩዱም እርሳሱም በአንድ የብረት ቀፎ የታሸገበት) ከኋላ ይገባል። ታሪኩ በሚካሄድበት በ1862 የነበረው ኮልት ግን ቀለህ አያውቅም።

እስቲ እንደዚያ ዘመን ሰው ሆነህ አጉርሰው። አፈሙዙን ወደ ላይ ታቆማለህ። ሲሊንደሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) ላይ ካሉት ስድስት ቀዳዳዎች በአንዱ ባሩድ ታፈሳለህ። ከላዩ ድቡልቡል እርሳስ ታስቀምጣለህ። ከበርሜሉ ሥር የተጣበቀችውን ዘንግ ወደ ታች ስትጫናት እርሳሱን ጠቅጥቃ ታስገባዋለች። እንዲህ እያልክ ስድስቱንም ትሞላለህ። ገና አልጨረስክም። አሁን ከኋላ በኩል ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የምስር ፍሬ የምታህል የመዳብ ቆብ ታለብሳለህ፤ ቃታው ተስቦ መዶሻው ሲመታት እሳት የምትሰጠው እሷ ናት። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ትወድቃለች፣ ባሩዱ ከራሰ ይከሽፋል። ባሩድና እርሳሱ በወረቀት ተጠቅልሎ የተዘጋጀለት ሰው ትንሽ ይፈጥናል፣ ቆቧ ግን ለሱም አትቀርለትም።

ታዲያ ኮልት ለምን ቀለህ አልተጠቀመም? ቀለህ ከኋላ እንዲገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳ ሲሊንደር የመሥራት መብት በፓተንት የተያዘው በሌላው ሽጉጥ ሠሪ ኩባንያ፣ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነበር። ፓተንቱ ያበቃው በ1869 ነው። የድሮዎቹ ኮልቶች ለቀለህ ጥይት እንዲሆኑ በብዛት የተቀየሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ፊልሙ ላይ የምታዩት ያንን ዓይነት ሽጉጥ ነው።

ግን ባለ ቀለህ ጥይት ባየህ ቁጥር «ውሸት» እንዳትል። በጦርነቱ ውስጥ ሄንሪ የሚባለው ጠመንጃ ነበር፣ ስፔንሰርም ነበር፤ ሁለቱም ቀለህ ይጎርሳሉ። ቁጥራቸው ግን ከተራው ወታደር ጠመንጃ ጋር አይወዳደርም። ፊልሙ ላይ ድልድዩ ጋ ያለችው ጋትሊንግ መትረየስ ደግሞ ሌላ ስህተት ናት። ታሪኩ የሚካሄደው ጄኔራል ሲብሊ የደቡቡን ጦር ይዞ ኒው ሜክሲኮ በዘመተበት በ1862 ነው። ጋትሊንግ ፓተንቱን ያገኘው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሲሆን የሲብሊ ጦር ግን ከወራት በፊት ተመትቶ ወደ ቴክሳስ ተመልሶ ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ለውጥ አለው! የዚያ ጦርነት ፍርሃት ያለው በሁለት ተኩስ መሃል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ተራው ወታደር የያዘው ስፕሪንግፊልድ ወይም ኤንፊልድ ከአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። የወረቀቱን ጥቅል በጥርሱ ይቀደዋል፣ ባሩዱን ያፈሳል፣ እርሳሱን በረጅም ዘንግ ይጠቀጥቃል፣ ቆብ ያለብሳል፣ ከዚያ ይተኩሳል። የለመደ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ቢተኩስ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው ጠላት እሱንም እያየው።

በ1863 ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ ከሜዳው ከ27 ሺህ በላይ ጠመንጃ ተለቀመ። 24 ሺህ ያህሉ እንደጎረሱ ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሁለት ጊዜ የጎረሱ ሲሆን አንዱ 23 ጥይት በላይ በላዩ ተጠቅጥቆበት ተገኘ። አስበው እስቲ። ያ ልጅ በጩኸቱና በጭሱ መሃል ጠመንጃው አለመተኮሱን እንኳ ሳያውቅ ያጎርሳል፣ እንደገና ያጎርሳል፣ እንደገና። ቀለህ ሰክቶ ጧ ጧ የሚያደርግ ሽጉጥ ስታሳየኝ ይሄን ልጅ ከታሪኩ አውጥተኸዋል ማለት ነው።

ይሄ የገባው ፊልም ማየት ከፈለግህ በ1989 የወጣውን «ግሎሪ»ን እይ፤ ማሳቹሴትስ 54ኛ ስለተባለው የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንት ነው። አንድ ጥሩ ተኳሽ ምልምል አለ፣ ዒላማ አይስትም። ኮሎኔሉ ሽጉጡን አውጥቶ ጆሮው ሥር እየተኮሰ «አጉርስ፣ ፍጠን» እያለ ይጮህበታል። ልጁ እጁ ይያያዝበታል፣ ባሩዱ ይፈስበታል። ስለ ጦርነት መሣሪያ ከዚያ የተሻለ ትዕይንት አላየሁም።

ለኛ ሰው ደግሞ ነገሩ ቅርብ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሲብሊም ሌሎች የአሜሪካ መኮንኖችም በግብፁ ገዥ በከዲቭ ኢስማኢል ተቀጥረው ነበር። ሲብሊ ቀድሞ ተባረረ፤ የደቡብ ጄኔራል የነበረው፣ አንድ እጅ ብቻ ያለው ዊልያም ሎሪንግ ግን በ1868 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1876) ጉራ በተባለው ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ሆኖ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተሸነፈ። ግብፆቹ የያዙት ሬሚንግተን ጠመንጃ ከኋላ ባለ ቀለህ ጥይት የሚጎርስ ነበር። አየህ፣ በ14 ዓመት ውስጥ የመሣሪያው ዓለም ተገልብጧል። አባቶቻችንም መሣሪያውን በየዓይነቱ፣ አንዱን ስናድር፣ ሌላውን ውጅግራ ብለው ለይተው ይጠሩ ነበር፤ ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነበራ።

አጎትህን ሰላም በልልኝ። አንድ ትዕይንት ደግሞ አብራችሁ ድገሙልኝ፦ ዋናው ተዋናይ ኢስትውድ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሽጉጡን ፈትቶ ሲጠርግ ሰዎቹ ደረጃውን እየወጡ የሚመጡበትን። የኮልት በርሜል የሚለቀቀው አንዲት ሽብልቅ ተስባ ስትወጣ ነው፣ ከዚያ በርሜል፣ ሲሊንደርና እጀታ ለየብቻ ይቀመጣሉ። እዚያ ጋ ፊልሙ ልክ ነው።