«ክሊን አደረግኩ» ወይስ «አበጠርኩ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የጤፍን ዘረመል በኮምፒውተር እተነትናለሁ። ትምህርቱ ባዮኢንፎርማቲክስ ይባላል። ባለፈው እናቴ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዳታውን ዳውንሎድ አድርጌ፣ ክሊን አድርጌ፣ ከዚያ አላይን አደርጋለሁ» አልኳት። «በአማርኛ ንገሪኝ እንጂ ልጄ» ስትለኝ አፈርኩ። ባዮኢንፎርማቲክስን በአማርኛ ምን እንበለው? «ዳታ»ስ «መረጃ» ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ያስቸገራት የትምህርቱ ስም አይመስለኝም። የነገርሻትን መልሰሽ እይው። «ዳውንሎድ»፣ «ክሊን»፣ «አላይን»። ሥራውን የሚናገሩት ሦስቱም ቃላት ባዕድ ናቸው። የእኛው «አደረገ» ከኋላ ተለጥፎ ይከተላል እንጂ የሚናገረው ነገር የለም። ሰው የማያውቀውን ስም ሰምቶ ሊያልፈው ይችላል። ግሡ ከጠፋበት ግን ምን እንደተሠራ በምን ይወቅ?

መኪናን ውሰጂ። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ግሡን ግን ከማንም አልተዋስንም። ከብት የሚነዳ ሕዝብ መኪናም ነዳ። ዛሬ ደግሞ ፋይል እናወርዳለን፣ ፎቶ እንጭናለን። ማውረድና መጫን የአህያ ጭነት ግሦች ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲመጡ ማንም አልከበደውም። ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ስሙን ተዋሺ፣ ግሡን ግን ከቤት አውጪ።

ስለ ትምህርቱ ስም ብዙ አልልም። ባዮኢንፎርማቲክስ ብለሽ ጻፊው። «የሥነ ሕይወት መረጃ ትንተና» ማለት ይቻላል፤ ግን እሱ ማብራሪያ ነው፣ ለስም ይረዝማል። ቃሉ ራሱም ከቦታው የተንቀሳቀሰ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ፓውሊን ሆገቬግና ቤን ሄስፐር የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሲያወጡት፣ በሕያዋን ውስጥ መረጃ እንዴት እንደሚሄድ የሚያጠና ዘርፍ ማለታቸው ነበር። በኮምፒውተር የሥነ ሕይወት ዳታ መያዝና መተንተን የሚለው ትርጉም የጸናው ኋላ ነው።

«መረጃ» ላይ ግን ትንሽ እንቆይ፤ እኔ በጣም የምወደው ቃል ነው። «ወሰደ» ብለን «መውሰጃ»፣ «ሄደ» ብለን «መሄጃ» እንላለን። «ደ» ወደ «ጀ» ይለወጣል። «መረጃ»ም በዚሁ መንገድ ከ«ተረዳ» ቤት የወጣ ነው። ወንድሙ «ማስረጃ» ደግሞ ከ«አስረዳ»። መረጃ እኔ ነገሩን የምረዳበት፣ ማስረጃ ሌላውን የማስረዳበት ነው።

እንግዲህ የጤፉን ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር ውርሱ የተጻፈበትን ሞለኪውል፣ ከሚያነበው መሣሪያ የወጣውን ፋይል ክፈቺው። ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ የሚባሉ አራት ፊደላት ብቻ፣ መስመር በመስመር፣ ማለቂያ የላቸውም። የጤፍ ጂኖም፣ ማለትም ዲኤንኤው በሙሉ፣ ከ600 ሚሊዮን በላይ ፊደል አለው። በዚህ ደረጃ ገና ማንም ምንም አልተረዳበትም። ስለዚህ በጥብቅ ከተሄደ «መረጃ» አይባልም። «ጥሬ መረጃ» በይው። ጥሬ እህል፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ዕቃ ላለ ሰው ገና ያልተሠራበት መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። በመመረቂያ ጽሑፍሽ «ዳታ» ብትዪም አልቃወምም፤ ሁለቱን ግን አታቀላቅዪ። ለእናትሽ ሲሆን ከ«ዳታ» ራቂ። በሰፈር አማርኛ ዳታ የሞባይል ኢንተርኔት ሆኗል። «ዳታ አልቆብኛል» ሲባል ሰምታለች፤ «የጤፍ ዳታ» ስትያት ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም።

አሁን ወደ ግሦቹ። «ክሊን ማድረግ» ያልሽው ምንድን ነው? መሣሪያው አንዳንዱን ፊደል በደንብ አያነበውም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገር ምልክት አብሮ ይሰጣል። አንቺ የማይታመነውን አውጥተሽ ትጥያለሽ። እናትሽ ይህን በሰፌድ ስትሠራ ኖራለች፤ ማበጠር ይባላል። መሣሪያው ካነበበው ከእያንዳንዱ የዲኤንኤ ቁራጭ ጫፍ ላይ ደግሞ ለሥራው ሲባል የተቀጠለ፣ የጤፉ ያልሆነ ቁራጭ አለ። እሱን ማንሳት የፎሶሊያን ጫፍ እንደ መቀንጠስ ነው። ታዲያ «ቀነጠስኩ» በያ! «ትሪም አደረግኩ» ከሚለው ይልቅ ምን እንደቆረጥሽና ከየት እንደቆረጥሽ ይናገራል።

«አላይን»ን በቃል ከማብራራት ላሳይሽ። «ሰበረ»ንና «ተሰበረ»ን ከላይና ከታች ጻፊያቸው፣ ሁለቱንም ከአንድ ጠርዝ ጀምሪ። «ሰ» ከ«ተ» ጋር፣ «በ» ከ«ሰ» ጋር፣ «ረ» ከ«በ» ጋር ይገናኛል። አንድም አልገጠመ። አሁን «ሰበረ»ን አንድ ቦታ ገፋ አድርጊው፣ ከፊቱ ባዶ ይሁን። ሦስቱም ፊደል ገጠመ፤ ልዩነቱ «ተ» ብቻ መሆኑም ታየ። የአንቺ ፕሮግራም በሚሊዮን ለሚቆጠር ቁራጭ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኛ የብራና ቅጂዎችን መስመር በመስመር ስናስተያይ የምንሠራውም ይኸው ነው፤ ማመሳከር እንለዋለን። ከ«መሰከረ» የመጣ ነው፤ አንዱ ቅጂ ለሌላው ይመሰክራል። ከዚህ የተሻለ ግሥ ለሥራሽ አላገኝልሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዘረመል» ብለሻል። ለወሬና ለጋዜጣ ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን አንዱ ጸሐፊ ለጂን፣ ማለትም የራሱ ሥራ ላለው አንድ የዲኤንኤ ክፍል፣ ሌላው ለዲኤንኤ ያውለዋል። በጽሑፍሽ ውስጥ ጂን፣ ዲኤንኤ፣ ጂኖም እያልሽ ለይተሽ ጻፊ። ስም ነውና መዋሱ አይጎዳም።

ለእናትሽ እንዲህ በያት፦ «የጤፉን ጥሬ መረጃ አወረድኩ። አበጠርኩት። ጫፍ ጫፉን ቀነጠስኩ። ከዚያ ቀድሞ ከተነበበው ከጸደይ ጤፍ ጋር አመሳከርኩት።» ምናልባት «ጸደይ ደግሞ ማን ናት?» ትልሻለች። በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የጤፍ ጂኖም ሲታተም ለንባብ የተመረጠችው ዝርያ ናት።